ሦስት ላብራቶሪ፣ ሦስት ውጤት፦ የትኛውን ልመን?

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ተሳታፊዎች። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ንዴቴ ግን ረጅም ነው። ለሰኞ አጥቢያ ሌሊቱን ሆዴን ሲቆርጠኝ አደረ፤ ተቅማጡም ፋታ አልሰጠኝም። ሲነጋ ሰፈራችን ካለ ክሊኒክ ካርድ አወጣሁ። ሰገራ ስጥ ተባልኩ፣ እዚያው ሰጠሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አሜባ ነው ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ታዘዘልኝ። ሁለት ቀን ዋጥኩ፤ አፌ ብረት ብረት ከማለቱ በስተቀር የተለወጠ ነገር አላየሁም። ረቡዕ ጠዋት ከቤቴ ናሙና ይዤ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ሄድኩ። እዚያ ምንም አልታየም የሚል ወረቀት ሰጡኝ። አላመንኩም። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ቦታ ገብቼ አዲስ ናሙና ሰጠሁ፤ እነሱ ደግሞ ጃርዲያ አሉኝ። በሦስት ቀን ሦስት ውጤት፣ ሦስት ጊዜ ክፍያ። ሆዱ ያው አንዱ የእኔ ሆድ ነው። እንግዲህ ወይ ሁለቱ ዋሽተውኛል፣ ወይ ሦስቱም። የሰገራ ምርመራ ዕጣ ከማውጣት አይለይም ብዬ ደምድሜአለሁ፤ የሚቃወም ካለ ይምጣ።

ይህን ከጻፍኩ አንድ ወር አለፈው። መልሶቹ 43 ደርሰዋል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች የላይኛውን አንቀጽ ብቻ አንብበው እኔን መውቀስ ስለቀጠሉ (ልክ ናቸው፤ ግን በቃኝ) አስተናባሪው የተባባልነውን በተርታ እንዳስቀምጥ ጠየቀኝ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ በራሴ አነጋገር ነው የምነግራችሁ።

በ1ኛው መልስ አንድ የአዳማ ሰው አጽናናኝ። ሚስቱ ላይ ልክ እንዲሁ ደርሶ ወረቀቶቹን ሁሉ በንዴት ቀዶ ጥሏቸዋል። 2ኛው ፌጦ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጬ በባዶ ሆዴ እንድወስድ መከረኝ፤ ስለ ምርመራው አንድም ቃል አልተነፈሰም። በ3ኛው አንድ አባት ልጄ ብለው ጀምረው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን አስታወሱኝና መናገሬን አመሰገኑ። እስከዚህ ሁሉም ከእኔ ጋር ነበር።

ነገሩ የተለወጠው 4ኛው ላይ ነው። የጻፈችው ጎንደር አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ የሕክምና ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ናት። አልተከራከረችኝም፤ እርስዎ እያለች በትሕትና አራት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። የረቡዑ ናሙና ከእርስዎ የወጣው በስንት ሰዓት ነው? ማይክሮስኮፕ ሥር የገባውስ? በምን ዕቃ ያዙት? ከዚያ በፊት ምን ምን መድኃኒት ወስደው ነበር?

5ኛው የእኔ መልስ ነው፤ እውነቱን ጻፍኩ። ናሙናው የወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ያስቀመጥኩት ባዶ የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ሲሆን ብልቃጡን በቧንቧ ውኃ አለቅልቄው ነበር፤ ውስጡ በደንብ አልደረቀም። በፌስታል ጠቅልዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ የካርድ ሰልፍ፣ ከዚያ የክፍያ ሰልፍ። መስኮቱ ጋ ደርሼ ያስረከብኩት 4 ሰዓት ላይ ነው። መድኃኒቱን ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ወስጃለሁ። እየጻፍኩት ሳለ ነው ፊቴ የጋለው።

6ኛው የዚህ ሁሉ ወሬ እንብርት ነው፤ ሌላውን ዝለሉት ብላችሁ እንኳ ይህን አትዝለሉ። ቴክኖሎጂስቷ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ከመስኮቱ ወዲያ ሆና አሳየችን። አንዲት ጠባብ መስተዋት ትወስዳለች። በአንዱ ጫፍ የጨው ውኃ ጠብታ፣ በሌላው ጫፍ የአዮዲን ጠብታ ታኖራለች። ከናሙናው የክብሪት ራስ የምታህል በእንጨት ጫፍ ቆንጥራ ከሁለቱም ጋር ታዋህዳለች። ውፍረቱ ልክ የሚሆነው መስተዋቱን ጋዜጣ ላይ ቢያስቀምጡት በመሐሉ ፊደሉ ሲነበብ ነው። በላዩ ስስ መሸፈኛ ታደርግና ከጥግ እስከ ጥግ ታስሳለች። የጨው ውኃው በሕይወት ያለውን ለማየት ነው። አሜባ ከሆነ ጠርዙ ላይ ጣት የመሰለ ነገር ያወጣል፣ የሰውነቱ ፈሳሽ ወደዚያ ይጎርፋል፣ መላ አካሉ ይከተላል። ጃርዲያ ከሆነ ከዛፍ እንደምትወርድ ቅጠል እየተገለባበጠ ይሄዳል። አዮዲኑ ደግሞ የተኙትን፣ ቅርፊት ለብሰው የሚወጡትን ሲስት የሚባሉትን ቀለም አስይዞ ይለያቸዋል።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ያ የሚንቀሳቀሰው ቅርጽ ከሰው አካል ከወጣ በኋላ ዕድሜው አጭር ነው። ሰገራው ፈሳሽ ከሆነ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ለስላሳ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ጠንካራ ከሆነ ጊዜ አለው፤ በእርሱ ውስጥ የሚጠበቀው ሲስትና የትል እንቁላል ስለሆነ ይታገሣል። የእኔ ፈሳሽ ነበር፤ አራት ሰዓት ኪሴ ውስጥ ቆየ። የቧንቧ ውኃ ያ ስስ አካል እንዲያብጥና እንዲፈነዳ ያደርገዋል፤ ውኃው ራሱ በውስጡ የሚኖሩ ደቂቅ ነፍሳት ካሉትም ተመልካቹን ያሳስታል። ሽንትም እንዲሁ ያበላሻል። በዚያ ላይ ሁለት ቀን የዋጥኩት መድኃኒት የተገኘውን ሁሉ መምታት ጀምሯል። ስለዚህ የረቡዑ ጠዋት ወረቀት ሐሰት አልጻፈም። አልታየም አለ እንጂ የለም አላለም። ጃርዲያ ደግሞ በየቀኑ እኩል አይወጣም፤ አንድ ቀን ሞልቶ፣ ሌላ ቀን አንድም ላይገኝ ይችላል። አንድ ናሙና ብዙ ጊዜ የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ ደንቡ በ10 ቀን ውስጥ ቀን እየዘለሉ ሦስት ናሙና መስጠት ነው።

ስለ ሰኞው አሜባ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠችም። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስሕተትም ሊሆን ይችላል። ነጭ የደም ሕዋስ አብጦ ሲታይ ያልሠለጠነን ወይም የደከመን ዓይን አሜባ ነኝ ብሎ ያታልላል አለች። ይህን ያለችው የራሷን ሙያ በተመለከተ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ለተነሣው ጠብ ያስፈልገናል።

7ኛው አንድ ወጣት ነው፤ አመስግኖ ማንም ደፍሮ ያልጠየቀውን ጠየቀ፦ ቁጢጥ ብለን በምንቀመጥበት መጸዳጃ ቤት ናሙናው ውኃና ሽንት ሳይነካው እንዴት ነው የሚያዘው? በ8ኛው አንዲት የሁለት ልጆች እናት መለሰችለት። መጀመሪያ ሽንትህን ጨርስ፤ ንጹሕ ፌስታል ወይም ጋዜጣ አንጥፍና በዚያ ላይ ተጠቀም፤ ከዚያ በእንጨቷ ደም ወይም ንፍጥ የመሰለ ነገር ካለበት ቦታ ጀምረህ የባቄላ ፍሬ የሚያህል አንሣ፤ የተረፈውን መጸዳጃ ቤት ጣል፤ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ለሕፃን ከሆነ ዳይፐሩ ስለሚመጠው ውስጡን በላስቲክ መሸፈን ነው። በረኪና የፈሰሰበት ፖፖ አይሆንም። ከዚህ የተሻለ መመሪያ በየትኛውም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየሁም።

በ9ኛው ቅሬታዬን ደገምኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ለምን ማንም አልነገረኝም? በሦስቱም ቦታ ዕቃውን የሰጠኝ ሰው ጣቱን ወደ መጸዳጃ ቤቱ ከመቀሰር ሌላ ያደረገው የለም። 10ኛዋ ነርስ ናት፤ በዚህ ደገፈችኝ። አንተም ግን አፍ አለህ ብላ ሸነቆጠችኝ። ካርድ ክፍል ስትገባ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የወሰድከውን ዘርዝር፦ ፀረ ተሕዋስያን፣ የተቅማጥ ማቆሚያ፣ ዘይትነት ያለው የድርቀት መድኃኒት፣ ለራጅ ተብሎ የሚጠጣ ነጭ ባሪየም። እነዚህ ሁሉ ምርመራውን ያጨልማሉ። ሕመምተኛው ጸንቶ መቆየት ከቻለ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ማለፍ ይሻላል፤ ካልቻለ ደግሞ የወሰደውን ማወቅ ለሐኪሙ ግማሽ መልስ ነው።

11ኛው መልስ ወንበር ገለበጠ። የጻፈው ሰው ይህ ሁሉ ትምህርት ሽፋን ነው፣ በዚህች አገር ሆዱን የታመመ ሁሉ አሜባ የሚባለው ሜትሮኒዳዞል ለመሸጥ ነው ብሎ፣ ቴክኖሎጂስቷን አንቺ ብሎ፣ ማይክሮስኮፑን ሳታዪ ነው የምትጽፊው አላት። እስከዚያ ድረስ ለማያውቁት ሰው አንቺ ማለት በዚህ የውይይት ክር አልነበረም። 12ኛው የእሷ ነው፤ እሷም አንተ ብላ ገባችበት። በቀን የምታየውን የናሙና ብዛት፣ መብራት ሲጠፋ በመስኮት ብርሃን በመስተዋት እየመለሰች የምትሠራበትን ማይክሮስኮፕ፣ የእጅ ጓንት ያለቀበትን ወር ነገረችው። መጨረሻ ላይ ሥራውን ለአንድ ቀን ና ሥራው፣ ከዚያ በኋላ ትሰድበኛለህ አለችው። እኔ ብሆን ከዚህ የከፋ እናገር ነበር።

13ኛው በጠቡ መሐል ምንም እንዳልተፈጠረ ገብቶ የሳቀብን የቀድሞ አስተናጋጅ ነው። የምግብ ቤት ሠራተኛ በየጊዜው የጤና ምርመራ ማድረግ ግድ ነው፤ ሰገራም አለበት። አንድ ጠዋት ሦስት ባልደረቦቹ እምቢ ብሎን ነው፣ አልመጣልንም ብለው ከእሱ ናሙና ተካፈሉ። ከሰዓት በኋላ አራቱም ወስፋት ተገኘባቸው። አራቱም አልቤንዳዞል ዋጡ፤ ሦስቱ ለአንድ ሳምንት አላናገሩትም። ቴክኖሎጂስቷ ቆየት ብላ በ21ኛው ላይ ይህን ወሬ ተመልሳበት ነበር። እሷ ብትሆን ትይዛቸው እንደነበር፣ አንድ ጊዜ ሦስት ብልቃጥ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ያልተፈጨ የቃሪያ ፍሬ አይታ ሦስቱንም ወደ መጸዳጃ ቤት እንደመለሰቻቸው ጻፈች። ቁጣዋ መብረዱን ያወቅነው በዚህ ነው።

14ኛው አንድ ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ለሁለቱም ወገን አልራራም። ከሳሹ እንዲህ ባለ ጅምላ ስድብ ሰው እንደሚጎዳ ነገረው፤ ክሱ ውስጥ ግን ፍሬ እንዳለበት ደበቅ አላደረገም። አብዛኛው ውኃ መሰል ተቅማጥ ደምና ትኩሳት ከሌለበት ምርመራም ሜትሮኒዳዞልም አያሻውም፤ ለምለም ብለን የምናውቀው ኦ አር ኤስ ነው መድኃኒቱ። ቀጥሎ ለብዙዎቻችን አዲስ የነበረ ነገር ተናገረ። በሽታ የሚያመጣው አሜባ ሂስቶሊቲካ ይባላል። ዲስፓር የሚባል ጉዳት የሌለው መንትያ አለው፤ ሲስታቸው በማይክሮስኮፕ አይለይም። በ1997 የዓለም ጤና ድርጅት የጠራቸው ባለሙያዎች ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ስም አጣምሮ መጻፍ እንደሚገባ የመከሩት ለዚህ ነው። በተራው ማይክሮስኮፕ ጎልቶ የሚለየው ተንቀሳቃሹ አሜባ በሆዱ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ሲታይ ነው። ኢ ኮላይ የሚል ወረቀት ይዘው የሚደነግጡም አሉ። በሰገራ ወረቀት ላይ ያ ስም ብዙ ጊዜ ምንም የማያደርግ የአሜባ ዘመድ እንጂ በዜና የሚሰማው ባክቴሪያ አይደለም። የነጭ ሕዋስ ቁጥር ብዙ ሆኖ ደም ከታየ ግን ሐሳቡ ወደ ሺጌላና ወደ መሰሎቹ ባክቴሪያዎች ይሄዳል፤ ያ በካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላብራቶሪ በማሳደግ የሚለይ ሲሆን ቀናት ይወስዳል።

ከ15 እስከ 17 ያለውን ባላነሣው ደስ ይለኛል። ከሳሹ ሐኪሙንም ጨመረበት፤ አንድ ሌላ ሰው የከሳሹን የትውልድ አካባቢ አነሣ፤ አስተናባሪው ሁለት መልስ ሰርዞ ስለ ሆድ የማይጽፍ ይውጣ አለ። ከሳሹ እንደወጣ ቀረ። የተናገረው ግማሹ እውነት ስለነበር ትንሽ አዘንኩ።

18ኛዋ የትንሽ ልጇ መቀመጫ ሌሊት ሌሊት እንደሚያሳክከው፣ ሁለት ጊዜ ሰገራ ተመርምሮ ምንም እንዳልተገኘ ጻፈች። በ19ኛው ነርሷ መለሰች፤ ያቺ ክር መሰል ትል እንቁላሏን የምትጥለው በመቀመጫው ዙሪያ ቆዳ ላይ ስለሆነ በሰገራ ውስጥ ብዙ ጊዜ አትገኝም። ጠዋት ልጁ ሳይታጠብና ሳይጸዳዳ ግልጽ የሆነ ፕላስተር ቆዳው ላይ ለጥፎ አንሥቶ መስተዋት ላይ አጣብቆ መውሰድ ነው። 20ኛው አብሮ ያነሣው የኮሶ ትል ነበር። እሱም በአንድ መስተዋት ሊያመልጥ ይችላል፤ ሰውየው ራሱ ነው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው፣ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ አንዳንዴም የምትንቀሳቀስ ቁራጭ። ያየኸውን ለላብራቶሪው ንገር፣ ካልቀፈፈህም ይዘህ ሂድ አለ። ከዚያ ወሬው ሸሸ። አንዱ አያቱ በየሁለት ወሩ ኮሶ ሲጠጡ የነበረውን አወራ፤ ሌላው እንቆቆና መተሬ ጨመረበት፤ ሌላው ደግሞ ጥሬ ሥጋ ሳይቆም ኮሶ መጠጣት የፈሰሰ ውኃ ማፈስ ነው ብሎ ተረበ። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ቁጥር ሳይሰጣቸው አስተናባሪው ወደ ሌላ ገጽ ወሰዳቸው።

22ኛው የጨጓራ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነቃ። ጠያቂዋ ኤች ፓይሎሪ ለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ የታዘዘላትን ጨርሳ በሳምንቱ ደም ተመርምራ አሁንም አለብሽ ተባለች፤ ዳግመኛ መድኃኒት ልትጀምር ነው። ሐኪሙ በ23ኛው አስቆማት። የደም ምርመራው የሚያሳየው ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው፤ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ለወራትና ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። መዳንን የሚያረጋግጠው የትንፋሽ ምርመራ ወይም የባክቴሪያውን የራሱን ቅንጣት የሚፈልገው የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው። እሱም ሕግ አለው፤ ፀረ ተሕዋስያኑ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ከቆመ 2 ሳምንት ማለፍ አለበት። ካለበለዚያ ባክቴሪያው ተዳክሞ ይደበቅና ወረቀቱ የለብሽም ብሎ ያስተኛሻል። በ24ኛው አንዱ እኔ ኦሜፕራዞል ሳላቆም ተመርምሬ ነጻ ተብያለሁ፣ ሕመሜ ግን አልለቀቀኝም ብሎ እንደ መብረቅ የመታው ይመስል ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክት ደረደረ። 25ኛዋ ጠያቂዋ ራሷ ናት፤ ተመስገን ብቻ ብላ ሄደች።

26ኛው ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የተጻፈ ነው። እዚያ ከ45 ዓመት ጀምሮ የትልቁ አንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ ይመከራል፤ አንዱ መንገድ ፊት (FIT) የሚባለው በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም የሚፈልገው ነው፣ በየዓመቱ የሚደረግ። ዕቃው በፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል። ጸሐፊው ለእናቱ ሲያስረዳ እሳቸው ይህን በፖስታ መላክ ለመንግሥት ስድብ አይሆንም ወይ ብለው አንድ ወር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። በመጨረሻ ወረቀቱን ከውኃው በላይ ዘርግተው፣ በብሩሽ መሰሉ እንጨት ላዩን በተለያየ ቦታ ጫር ጫር አድርገው፣ ቀኑን ጽፈው ላኩት። ቀን አለመጻፍ ብቻውን ናሙናውን ያስጥላል አለ። 27ኛዋ ከለንደን ናት፤ እዚያ በየ2 ዓመቱ እንደሚላክ ነገረችን። 28ኛው ሥጋና ቀይ ሥር ለሦስት ቀን መተው አለባችሁ ሲል ጣልቃ ገባ። በ29ኛው ሐኪሙ አረመው። ያ ለአሮጌው ጓያክ ለሚባለው ምርመራ ነው፤ ቀይ ሥጋም ብዙ ቫይታሚን ሲም ያሳስቱት ነበር። ፊት የሚለየው የሰውን ደም ብቻ ስለሆነ ምግብ አያስመርጥም። ሁለቱ ግን በአንድ ስም ስለሚጠሩ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው። 30ኛው ውጤቱ ደም አለ ካለ ድጋሚ እስኪጠፋ መመርመር ሳይሆን ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ መታየት እንደሆነ ጨመረ። ደም አለ ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም፤ ኪንታሮትም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። አጎቱ በሁለተኛው ምርመራ ደሙ ስለጠፋለት ተደስቶ አንድ ዓመት እንዳሳለፈ፣ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ግን ምንም እንደማይጽፍ ጻፈ። ማንም አልጠየቀውም።

31ኛውን ስናነብ ሁላችንም ዝም አልን። አንድ ሾፌር ነው። ለወገቡ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ለሳምንታት ይውጣል፤ ለሦስት ቀን ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ የሚጣበቅና የሚከረፋ ሆኗል፤ ሲነሣ ያዞረዋል። ጥያቄው ነገ ለሰገራ ምርመራ ቁርስ መብላት ይቻላል ወይ የሚል ነበር። ከ32 እስከ 35 አራት ሰው በአንድ ቃል መለሰለት፦ ምርመራ አትዘጋጅ፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፣ መኪና አትንዳ፣ ሰው ይውሰድህ። ነርሷ የብረት እንክብልም ሰገራ እንደሚያጠቁር፣ ነፍሰ ጡሮች በዚህ እንዳይደነግጡ፣ ግን ማዞር ካለበት ሰው ጋር እንዳይምታታ ለየችው። ሁለት ቀን ሙሉ ወሬው ጠፋ። 36ኛው የሾፌሩ እህት ነበረች፤ ጨጓራው ደምቶ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቶታል፣ ተቀምጦ አጥሚት እየጠጣ ነው አለች። በዚህ ክር ላይ ቁርስ ብሎ ጠይቆ ሕይወቱ የተረፈለት ሰው አለን።

37ኛው ጣና ዳር የሚያስተምር መምህር ነው። ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ ይዋኛሉ፣ ሆዳቸው ይነፋል። የጤና ባለሙያዎች መጥተው በቀዳዳ ካርቶን ናሙናውን ልክ አድርገው መስተዋት ላይ ሲያሰፍሩ አይቷል፤ ለምን ልኩ እንዳስፈለገ ጠየቀ። ቴክኖሎጂስቷ በ38ኛው ደስ ብሏት መለሰች። ያቺ ቀዳዳ 41.7 ሚሊግራም ትይዛለች፤ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ውስጥ ያለውን ይሰጣል። ከሐይቅ ውኃ የሚይዘው የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል በጎኑ ላይ እሾህ አለው፤ አንድ ጊዜ ያየው አይረሳውም። የመንጠቆ ትል እንቁላል ግን በዚያ አሠራር ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ይጠፋል፤ ሰዓት እዚህም ይገዛል። 39ኛው ከቢልሃርዚያ ተነሥቶ ወደ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሄደ። በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ምርምሩን እንደጀመረ አወራ፤ ወሬው ደስ ይላል፣ ስለ ሰገራ ግን አይደለም፤ አስተናባሪውም ይህን አልሰረዘውም።

40ኛው የእኔ ነው። ሦስተኛው ላብራቶሪ ባለው መሠረት መድኃኒቱን እስከ ታዘዘልኝ ቀን ጨረስኩ፣ ቁርጠቱ በአራተኛው ቀን ለቀቀኝ፣ ይቅርታ ጠይቄ ዕጣ ማውጣት ያልኩትን ቃል መለስኩ። አሁን ደግሞ በሁለት ሳምንቱ ሦስት ናሙና ቀን እየዘለልኩ ልስጥ ብዬ አሳወቅሁ። 41ኛው ሐኪሙ ነው፤ ከዳንክ ለምን ትመረመራለህ፣ ብሩን ቡና ጠጣበት አለኝ። 42ኛዋ ቴክኖሎጂስቷ ከእሱ ጋር ተስማማች፤ ግን እኔ እንደማልሰማ ስላወቀች ቢያንስ ብልቃጡን አድርቀው አለችኝ። እርስዎን ትታ አንተ አለችኝ፤ እንደ ወንድም ነው የወሰድኩት። 43ኛው የትኛው ላብራቶሪ እንደሆነ ስም እንድጠቅስ ይጠይቃል፤ አልጠቅስም፣ የመድረኩም ደንብ አይፈቅድም።

ሁለቱን ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱም አልታየም ይላሉ። ሦስተኛው ነገ ነው። ሰፊ አፍ ያለው ባለክዳን ዕቃ ከፋርማሲ ገዝቼ መስኮቱ ላይ ደፍቼዋለሁ፤ ከላብራቶሪው በር እስከ ቤቴ ደግሞ በእግር 11 ደቂቃ መሆኑን ዛሬ ሄጄ ለክቼዋለሁ።